ትምህርት ቤትም ጓዳ ይኑረው

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጆች፤

ጎንደር ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት ወፍጮ ቤት አለኝ። የሰፈሩን ኑሮ እንደ እኔ ሚዛን የሚያውቀው የለም። ድሮ ኩንታል በአህያ አስጭነው ይመጡ የነበሩ እናቶች ዛሬ ሦስት ኪሎ ማሽላ በፌስታል አንጠልጥለው ይመጣሉ። ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጡት ወደ ሌላ ወገን ያያሉ፤ እኔም ቁጥሩን ጮክ ብዬ መጥራት ትቻለሁ።

አምና አንድ ዓርብ ማታ ልዘጋ ስል ደብተሩን በብብቱ የያዘ ልጅ መጣና «ጋሼ፣ ወለሉን ልጥረግልዎ?» አለኝ። ሳንቲም የፈለገ መስሎኝ ነበር። ጠረገና ጥራጊውን ይዞ ሊሄድ ሲል ነው የገባኝ። አሸዋ አለበት፣ ጤፍም ማሽላም ተቀላቅሎበታል። አስቀምጬ ባናግረው ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ያጎርሱታል። ቅዳሜና እሁድ አጉራሽ የለም። ቤት ደግሞ ሁለት ታናናሾች አሉ።

ይህን የምጽፈው ስለ ተማሪዎች ምገባ ብዙ ስለሚወራ ነው። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ቁርስና ምሳ ታበላለች፤ ያስቀናል። እኛ ጋ ግን ነገሩ ሲነሳ ወጥ ቤት ይሠራ፣ ማገዶ ይገዛ፣ ውኃ ይግባ፣ ወጥ ሠሪ ይቀጠር ይባልና ስብሰባው ያልቃል። ይሁን፣ ያ ይጠበቅ። እስከዚያው ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንዲት ጓዳ ይኑረው ነው የምለው። የሚቆለፍ ክፍል፣ ጥቂት ማዳበሪያ እህል፣ አንድ ሚዛን። ልጁ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤቱ የሚወስደውን ይዞ ይሂድ።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። አሜሪካ ያለችው እህቴ ልጇ የሚማርበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ጓዳ እንዳለው ስትነግረኝ «እዚያም ልጅ ይራባል እንዴ?» ብዬ ስቄባት ነበር። ለካ የትምህርት ቤት ምሳ በሕግ የደነገጉት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ ምሳው ግን ቅዳሜን አይሻገርም። በአርካንሳስ ግዛት፣ ሊትል ሮክ ከተማ፣ አንዲት የትምህርት ቤት ነርስ ሆዴን አመመኝ፣ አዞረኝ እያሉ የሚመጡባት ልጆች ሕመማቸው ረሃብ መሆኑን አይታ እርዳታ ጠየቀች። ለቅዳሜና እሁድ ምግብ በቦርሳ አድርጎ መላክ የተጀመረው ከዚያ ነው ይባላል። እኛ ጋ ሰልፍ ላይ የሚወድቀውን ልጅ የሚያየው የክፍል ኃላፊው መምህር ነው። ማን እንደተራበ ቀበሌ ከሚያውቀው በላይ እሱ ያውቃል።

አሁን ስለ ሙያዬ ልናገር፤ እዚህ ላይ አዋቂ ነኝ። ጓዳው ውስጥ ዱቄት አታከማቹ፤ ይመራል። እህሉ በእህልነቱ ይቀመጥ፣ በየሳምንቱ የሚበቃው ብቻ ይፈጭ። ማዳበሪያው መሬት አይንካ፣ እንጨት ይደርደርለት፣ ከግድግዳም ይራቅ። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ዋጋው ግን እኛን ደፍሮናል። ስለዚህ ገብስ ይገዛና በሶ ይሁን። በሶ ተቆልቶ ስለሚፈጭ ይቆያል፣ ከሰል የሌለው ቤትም በውኃና በጨው በጥብጦ ወይም ጨብጦ ይበላዋል። ከእሱ ጋር ሽሮ ይጨመር። ሁለቱም ሥጋና ቅቤ የለባቸውም፣ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ይሆናሉ።

ሽሮ ስትገዙ ግን ዋጋው ከቀለለባችሁ ጠርጥሩ፤ ጓያ ይቀላቀልበታል። ጓያን ለወራት ዋና ምግባቸው አድርገው እግራቸው ተሳስሮ በምርኩዝ የቀሩ ሰዎችን ደንቢያና ፎገራ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ለልጅ የሚሰጥ ሽሮ ጥሬው ታይቶ፣ ተለቅሞ፣ ፊት ለፊት ይፈጭ።

ግዢው በጥር በየካቲት፣ ምርት በገባ ማግስት ይሁን፤ ሰኔ ላይ የሚገዛ በእጥፍ ሊገዛ ይችላል፤ መንገድ ከተዘጋማ አይወራም። ጓዳውም ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አብሮ አይዘጋ። ክረምት ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ ነው፣ ልጁም ያኔ ነው አጉራሽ የሚያጣው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ከዓመታት በፊት ነጋዴዎች ተሰባስበን ለአንድ ትምህርት ቤት ደብተር ገዛን፤ እኔም ሄድኩ። ልጆቹን በባነር ፊት አሰልፈው ደብተሩን እንዳነሡ ፎቶ አነሷቸው፤ ፎቶው በስልክ በስልክ ዞረ። ከልጆቹ የአንዷ እናት ደንበኛዬ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ አላስፈጨችም፣ ራቅ ወዳለው ወፍጮ ቤት ነው የምትሄደው። ፎቶው ላይ ከዳር ቆሜ እኔም አለሁ።

ስለዚህ ባነር አይሰቀል፣ ማከፋፈያ ቀን የሚባል ነገር አይኑር። የክፍል ኃላፊው ልጁን ለብቻው ይጥራው፣ ከደብተሩ ጋር ቦርሳው ውስጥ ይክተትለት፣ በቃ። ሌብነት እንዳይገባ የሚሰጉ አሉ፤ ስጋታቸው ልክ ነው። የገባው በዕቃ ገቢ ደረሰኝ (ሞዴል 19)፣ የወጣው በዕቃ ወጪ ደረሰኝ (ሞዴል 22) ይያዝ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) በየወሩ ማዳበሪያውን ይቁጠር። የወጪው ፈራሚ ግን መምህሩ ይሁን። ኪሎው ይጻፍ፣ የልጁ ስም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይውጣ።

ከተማችን ሠርግና ተዝካር ሲሆን የምታወጣውን የማያውቅ የለም። ከየድግሱ አንድ ቁና ገብስ ቢነሳ ደጋሹን አይጎዳውም፤ እድርና ማኅበርም እንደዚሁ። እኔ በበኩሌ በሰፈሬ ላለ ማንኛውም ትምህርት ቤት ጓዳ የሚመጣውን እህል ያለ ክፍያ እፈጫለሁ። መብራት በጠፋ ቀን ግን ናፍጣውን ሌላ ሰው ይቻለኝ።

ከአንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣
ጎንደር