ፎቶው ላይ ያለው ጨርቅ ጸሎት ነው

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። የኔፓል ተራሮችን ፎቶ ስላወጣችሁ ደስ ብሎኛል፣ እዛ ላይ የተሰቀለውን ባለቀለም ጨርቅ ግን ስሩ ላይ «ለበዓል የተሰቀለ ጌጥ» ብላችሁታል፣ እሱ ከንክኖኝ ነው ይሄን የምጽፈው። እዚ ዶሃ አብረውኝ የሚሰሩ ሼርፓዎችና ታማንጎች (ቡድሂዝም የሚከተሉ የኔፓል ብሔረሰቦች) አሉ፣ ይሄ ለነሱ ጸሎት ነው።

ሉንግታ ይሉታል፣ የጸሎት ባንዲራ ማለት ነው። ሰማያዊው ሰማይ፣ ነጩ ንፋስ፣ ቀዩ እሳት፣ አረንጓዴው ውሃ፣ ቢጫው መሬት ነው፣ ቅደም ተከተሉም አይዛነፍም። መሀሉ ላይ እንቁ የተሸከመ ፈረስ ታትሟል፣ ዙሪያውን ማንትራ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚባል የጸሎት ቃል። ብዙ ሰው ንፋሱ ጸሎቱን ወደ አምላክ የሚወስደው ይመስለዋል፣ እነሱ የሚሉት ግን ንፋሱ ጨርቁን ነክቶ ሲያልፍ በረከቱን ለሰውም ለእንስሳም በደረሰበት ሁሉ ያዳርሳል ነው፣ ስለዚ ማንም ለራሱ ብቻ ብሎ አይሰቅለውም። ቀለሙ ለቆ ሲበጣጠስ ስራውን ጨረሰ ማለት ነው፣ በሎሳር፣ በአዲስ አመታቸው፣ አዲስ ይጨምሩበታል፣ ያረጀውን ደሞ መሬት ላይ አይጥሉም፣ በክብር ያቃጥሉታል።

ጭሱም አለ፣ ሳንግ የሚሉት፣ ጥድ እያጨሱ ለቦታው ጠባቂዎች የሚያቀርቡት። ኤቨረስት የሚወጡ ሼርፓዎች ፑጃ (የጸሎትና የቡራኬ ስርዓት) ሳይደረግ መውጣት አይፈልጉም፣ ቤዝ ካምፕ፣ ተራራው ስር ያለው ሰፈር ላይ ድንጋይ ክበው መሰዊያ ይሰራሉ፣ ላማው (የቡድሂስት መምህራቸው) ይጸልያል፣ ጥዱ ይጨሳል፣ ከመሀል ምሰሶው ባንዲራው በየአቅጣጫው ይወጠራል፣ ጻምፓ (የነሱ በሶ በሉት) ወደ ላይ ይበተናል፣ ከተራራዋ አምላክ ከሚዮላንግሳንግማም ፈቃድና ጥበቃ ይለምናሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. በአንድ ጠዋት የበረዶ ናዳ 16 ኔፓላውያን ሰራተኞችን የገደለበት ተራራ እኮ ነው፣ እዛ ለሚሰራ ሰው ይሄ ትርኢት አይደለም።

አሁን በጣም የሚያሳዝነኝ ከፖሊስተር፣ ከሰው ሰራሽ ክር፣ የሚሰራው ባንዲራ ነገር ነው። ርካሽ ስለሆነ ቱሪስቱ ገዝቶ ለፎቶ ብሎ ድልድዩ ላይ ምናምን አስሮት ይሄዳል፣ ጥጥ ቢሆን ፀሐይና ዝናብ ይጨርሰው ነበር፣ ፖሊስተር ግን አይበሰብስም፣ ክሩ እየተበጣጠሰ አፈሩና ወንዙ ውስጥ ይቀራል። ለፍጥረት ሁሉ በረከት ተብሎ የተሰቀለ ነገር ያክ (የተራራው ጸጉራም ከብት) የሚጠጣውን ውሃ ሲያቆሽሽ ምን ይባላል?

ስለዚ እባካችሁ ማስተካከያ አውጡ፣ የጸሎት ባንዲራ በሉት። ወደ ካትማንዱ የምትሄዱ አንባቢዎችም መስቀል ካማራችሁ የጥጡን ጠይቃችሁ ግዙ፣ የት እንደሚሰቀል ደሞ የአካባቢውን ሰው አስቀድማችሁ አማክሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከዶሃ