ለቪየና ከተማ የባህል መምሪያ፦ ከቡና ቀጂው ሐውልት ሥር አንዲት ሰሌዳ ትቁምልን

ለቪየና ከተማ አስተዳደር የባህል መምሪያ
ጉዳዩ፦ የከተማዋን የቡና ታሪክ ይመለከታል

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

ባለፈው ክረምት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ከድሮዎቹ ካፌዎቻችሁ ወደ አንዱ ወሰድኳት። አስተናጋጁ ቡናዋን በትሪ አቀረበላት። ከጎኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ብርጭቆው አፍ ላይ ማንኪያ ተጋድሞ። ከሁለት ሰዓት በላይ ስንጫወት ማንም ተነሱ አላለንም። «እዚህም ቡና በጥድፊያ አይጠጣም ማለት ነው» አለች፣ ደስ ብሏት።

ስንመለስ በፋቮሪተን ጎዳና አለፍን። ከኮልሽትስኪ መንገድ ጥግ፣ ሕንፃው ላይ ከእ.ኤ.አ. 1885 ጀምሮ የቆመውን ሐውልት አየችው። የቱርክ ልብስ የለበሰ ሰው ቡና ይቀዳል። «ማነው እሱ?» አለችኝ። የሚባለውን ነገርኳት። በ1683 ከተማዋን የከበቡት ኦቶማኖች ሲሸሹ ቡና በጆንያ ጥለው ሄዱ፤ ኮልሽትስኪ ጆንያውን ወስዶ የመጀመሪያውን ቡና ቤት ከፈተ። ሰምታ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ፍሬው ግን ከየት አገር ነው ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

ኮልሽትስኪ በእርግጥ የኖረ ሰው ነው። በከበባው ጊዜ መልእክት ይዞ በጠላት ሰፈር መሀል አልፏል። ጀግንነቱን ማንም አይነካበትም። የጆንያው ታሪክ ግን የተስፋፋው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1783 አንድ ካህን ከጻፈው ወዲህ ነው። በሰነድ የምናውቀው ሌላ ነው። በጥር 1685 ዮሐንስ ዲዮዳቶ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በቪየና ለ20 ዓመት ቡና የመሸጥ ፈቃድ አገኘ። እዚያው አራተኛው ወረዳ በስሙ መናፈሻ ሰይማችሁለታል፤ ጥሩ አድርጋችኋል። ግን ስንቱ መንገደኛ ያውቀዋል?

ፍሬው ደግሞ ያኔ የሚመጣው ከየመን ነበር። የየመኑ ቡና ዘሩ ከቀይ ባሕር ማዶ ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ። ካፋ ጫካ ውስጥ ዛሬም ማንም ሳይተክለው በዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል።

ፍሬው ሲጠፋ ካፌው ምን እንደሚሆን ከተማችሁ ታውቃለች። በናፖሊዮን ዘመን ንግድ ተዘግቶ ቡና እሳት ሲሆን፣ ካፌዎቹ እንዳይዘጉ ምግብና ወይን ወደ መሸጥ ገቡ። ያንን ቀን አልፈው ነው እዚህ የደረሱት። ደራሲው ፔተር አልተንበርግ በ1876 የተከፈተውን ካፌ ሴንትራል እንደ ቤቱ አድርጎት ደብዳቤው ሳይቀር እዚያ ይመጣለት ነበር። በ2011 የካፌ ባህላችሁ በኦስትሪያ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ሲያንሰው ነው።

የምለምናችሁ ከሐውልቱ ሥር አንዲት ሰሌዳ ነው። ተረቱን ተረት ትበለው፣ የዲዮዳቶን ስም ታንሳ፣ የፍሬው አገር ካፋ መሆኑን ትጻፍ። በጀርመንኛ፣ በአርመንኛ፣ በአማርኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በካፋዎቹ ቋንቋ በካፊኖኖ ብትሆን ደስታዬ ወሰን የለውም። የአማርኛውን እኔ ያለ ክፍያ እጽፋለሁ።

እናቴ ለሚመጣው ክረምት ትኬት ቆርጣለች። መጀመሪያ የምወስዳት እዚያ ጥግ ነው።

ከአክብሮት ጋር
በቪየና ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ