ያልተከለለውም ደን የመንግሥት ደን ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የመናገሻ ሱባ ደን ስሙ ሲነሳ ሁላችንም ደስ ይለናል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አስተከሉት የሚባለው ጽድ፣ ወይራውና ዝግባው ተከልሏል፣ ጠባቂም አለው። እኔ የምጽፈው ከወሰኑ ውጭ ስለቀረው ነው። ከወጨጫ ተራራ ግርጌ እስከ እንጦጦ ጀርባ ዳገቱን የያዘው ባህር ዛፍና በመሃሉ የተረፈው ጽድ ብዙው ፓርክም አይደለም፣ ጥብቅ ደንም አይደለም። የመንግሥት ነው ይባላል፣ በቃ።

እኛ ሰፈር አካሄዱን አውቀነዋል። መጀመሪያ ዛፉ ለአጣና ይቆረጣል። ይሄ ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር፣ ባህር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ከጭራሮውና ከቅጠሉ የሚኖር ስንት ቤተሰብ አለ፣ ጭራሮ የሚለቅሙትን እናቶች ማንም እንዲነካብን አልፈልግም። የሚያስጨንቀኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ስካቫተር ይገባና ጉቶውን ነቅሎ አፈሩን ይገፋል፣ ከዚያ ድንጋይና ገረጋንቲው ሌሊት ሳይቀር በሲኖትራክ ይጋዛል፣ የሚወጣው ሲያልቅ ገደሉን ለእኛ ጥለው ይሄዳሉ። አፈሩ ከተነሳ ባህር ዛፉም አይመለስም፣ ጽዱማ አይታሰብም። ሐምሌ ላይ ጎርፉ የሚይዘው ሥር ስለሌለ ጭቃውን ይዞ ከታች ያሉት ቤቶች ውስጥ ይገባል።

አቤት ብለናል። አንዱ ቢሮ የማዕድን ጉዳይ ነው ይላል፣ ሌላው የመሬት፣ ሌላው የደን። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባን የከበበው ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ «የእኛ ወሰን አይደለም» የሚል መልስ ተጨምሯል።

ሕግ ጠፍቶ ግን አይደለም። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። እኔ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ጥናት አይቻለሁ የሚል ጎረቤት አላገኘሁም። የማዕድን አዋጁም (678/2002) ቢሆን ባለፈቃዱ የቆፈረውን መሬት መልሶ እንዲያስተካክል ግዴታ ያስገባዋል።

ድንጋይ አይውጣ አላልኩም፣ ከተማው የሚገነባው በእሱ ነው። ያልተከለለ ደን ለመመንጠርም ሆነ ለመቆፈር የተሰጠ ፈቃድ ግን መግቢያው ላይ በሰሌዳ ይለጠፍ፤ ማን ወሰደው፣ እስከየት ድረስ፣ እስከ መቼ የሚለው ለመንገደኛ ሁሉ ይነበብ። ሰሌዳ የሌለበት ቦታ የገባ ማሽን ሕገ ወጥ መሆኑን ያኔ ማንኛችንም እናውቃለን። መልሶ መሙያውና ችግኝ መትከያው ገንዘብም ሥራ ሳይጀመር በዝግ ሂሳብ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም የድንጋይ ካባው ቁፋሮ ካለቀ በኋላ ባለፈቃዱን ፈልጎ የሚያገኘው የለም። የአዲስ አበባም የሸገርም ከተማ አስተዳደር ይህን ከመጪው ክረምት በፊት ቢጀምሩት የሚተርፍ ዳገት አሁንም አለ።

አንድ ነዋሪ፣ ከሰበታ አካባቢ