በጨረቃ ላይ ለግንባታ እግር ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጨረቃ ላይ ግንባታ የሚሠሩ ሮቦቶች ሲነሱ «ጎማ ይሰምጣል፣ እግር ይሻላል» ማለት ተለምዷል። ነገሩ ግን ወይ ጎማ ወይ እግር አይደለም። «አትሌት» የተባለው የናሳ ሮቦት ስድስት እግሮች ነበሩት፤ በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ደግሞ ጎማ። በደህና መሬት ይንከባለላል። አፈሩ ሲከዳው ጎማዎቹን ቆልፎ ይራመዳል። ከአሸዋ ታግሎ መውጣት ስለማይጠበቅበት የጎማው ሞተር አነስተኛ ቢሆንም ይበቃል፤ ክብደት የሚቆጠበውም እዚህ ላይ ነው። የጎማው ሞተር መሰርሰሪያም ያሽከረክራል።

ችግሩ መገጣጠሚያው ነው። ስድስት እግር በስድስት መገጣጠሚያ 36 ይሆናል፤ እያንዳንዱም ከአቧራ መታተም አለበት። የጨረቃን አቧራ ነፋስና ውኃ አላለሰለሱትም፤ እንደ ተፈጨ ጠርሙስ ስለታም ነው፣ በኤሌክትሪክ ሙል እየተሳበም ይጣበቃል። ሁለት ሳምንት በሚዘልቀው ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ170 ዲግሪ ስለሚያልፍ ተራ ግሪስ ይጠጥራል። ስለዚህ እንደ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለ ደረቅ ማለስለሻ ያስፈልጋል።

ቁፋሮ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የስበት ኃይሉ የምድርን አንድ ስድስተኛ ስለሆነ፣ አንድ ቶን የሚመዝን ማሽን እዚያ የሚጫነው እዚህ 165 ኪሎ ያህል የሚመዝን ዕቃ በሚጫነው ልክ ነው። አካፋውን ሲተክል አፈሩ ሳይሆን ማሽኑ ይነሳል። እግር ይህን አይፈታም። «ራሶር» የተባለው የናሳ ቆፋሪ ሮቦት ከፊትና ከኋላ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ የመቆፈሪያ ከበሮዎች የተገጠሙለት፣ አንዱ የሌላውን ግፊት እንዲያጣፋ ነው።

ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ