ስለ ቤጊን ለጠየቁኝ

ለተከበሩ አጎቴ
ጎንደር

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእትዬስ ጉልበት ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላኩልኝ በርበሬ ደርሶኛል፤ ሻንጣው ሳይከፈት ሽታው ቤቱን አወደው።

ባለፈው በስልክ «ያ ቤጊን የሚሉት እንዴት ያለ ሰው ነበር? ሽማግሌዎቹ ስሙን እያነሱ ሲመርቁ አላውቀውም ማለት አፈርኩ» ሲሉኝ መስመሩ ተቋረጠ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅም አይደለም፤ ይኸው ጻፍኩ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልዎ።

የማስታምማቸው አሮጊት የሞሮኮ ሰው ናቸው። ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ፣ ዘይትና ጭስ ያጠገበው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ወፍራም መነጽር፣ ሰፊ ግንባር፣ አንገት ድረስ የተሳበ ከረባት። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሜናኼም ቤጊን ነው። ልጃቸው ቤቱን ቀለም ሲያስቀባ አውርዶት ነበር፤ ፎቶው ቦታው እስኪመለስ እህል አልቀምስም ብለው ተቀመጡ። እኔም እንደ እርስዎ ገረመኝ፤ የሞሮኮ ሴት ከፖላንድ አይሁዳዊ ጋር ምን አዛመዳት?

ሰውየው በ1913 ብሬስት ሊቶቭስክ ተወለደ፤ ከተማዋ ያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት፣ ዛሬ በቤላሩስ ናት። ዋርሶ ሕግ ተማረ። በ1940 የሶቪየት የደኅንነት ሰዎች ያዙትና 8 ዓመት ፈርደው ሰሜን ወዳለ የጉልበት ሥራ ካምፕ ሰደዱት። ለፖላንድ እስረኞች ምሕረት ሲደረግ ወጣና ከፖላንድ ጦር ጋር በ1942 ፍልስጥኤም ደረሰ። እናቱን፣ አባቱንና ወንድሙን ናዚዎች ፈጅተዋቸዋል።

ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ ኢርጉን የሚባለው የአይሁድ የሽምቅ ድርጅት አዛዥ ሆነ። ፍልስጥኤምን ያኔ ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች ሲያድኑት ጢሙን አሳድጎ፣ ራቢ መስሎ ቴል አቪቭ ውስጥ ተቀመጠ። በሐምሌ 1946 የእሱ ሰዎች ኢየሩሳሌም የሚገኘውን የኪንግ ዴቪድ ሆቴል አፈነዱ፤ 91 ሰው አለቀ፤ እንግሊዝም፣ ዓረብም፣ አይሁድም። በ1948 ዴር ያሲን በተባለች የዓረብ መንደር ተዋጊዎቹ ሴትና ሕፃን ሳይቀር ገደሉ። ይህን የምጽፍልዎ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ስለማያነሱት ነው። የአሮጊቷን መድኃኒት የሚሰጠኝ ፋርማሲስት ዓረብ ነው፤ አንድ ቀን ስለ ፎቶው ስነግረው ዝም ብሎ ክኒኑን መቁጠር ቀጠለ። እኔም ሌላ ጊዜ አላነሳሁበትም።

እስራኤል ስትመሠረት ሔሩት የሚባል ፓርቲ አቋቁሞ ለምርጫ ቀረበ፤ ተሸነፈ። ደግሞ ቀረበ፤ ደግሞ ተሸነፈ። ጋሼ፣ 8 ጊዜ! የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ጉሪዮን በምክር ቤቱ ስሙን ላለመጥራት «ከእገሌ አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ» ይለው ነበር። በመሃል በ1967 ጦርነት ዋዜማ የአንድነት መንግሥት ውስጥ ገብቶ ሦስት ዓመት ሚኒስትር ከመሆኑ በቀር ዕድሜውን ያሳለፈው በተቃዋሚ ወንበር ነው። ወደዚህ ለመምጣት ያመለከቱበት ፋይልዎ እዚያ ቢሮ ውስጥ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ሳስብ ይኸ ሰውዬ ትዝ ይለኛል።

ግንቦት 17 ቀን 1977 ሌሊት ግን እሱ የሚመራው ሊኩድ የተባለው የፓርቲዎች ጥምረት 43 ወንበር አገኘና ነገሩ ተገለበጠ። እዚህ እስከ ዛሬ «ማሃፓክ» ይሉታል፤ ግልበጣ ማለት ነው። የመረጡት እንደ አሮጊቷ ያሉት ናቸው፤ ከሞሮኮ፣ ከኢራቅ፣ ከየመን መጥተው በድንኳን የሰፈሩ፣ ባለሥልጣኖቹ እንደ ኋላ ቀር ያዩአቸው። ባለሥልጣኖቹ ሸሚዛቸውን ከፍተው ሲመጡ ቤጊን በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ ይመጣ ነበር። «እኛን አክብሮ ነው የለበሰው» ይላሉ አሮጊቷ። በእሱ ዘመን በድሆች ሰፈር እድሳት አንድ ክፍል ተጨምሮላቸዋል። የዳቦ ዋጋ ከወር ወር እየዘለለ እንዳስለቀሳቸውም ያስታውሳሉ፤ ለዚህ ግን የሚወቅሱት የገንዘብ ሚኒስትሩን ነው!

በ1981 ምርጫ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ቀልደኛ በተቃዋሚዎቹ ሰልፍ ላይ የእሱን መራጮች በዘር ሰድቧቸው ነበርና፣ ቤጊን ቴል አቪቭ አደባባይ ላይ ወጣ። በ1947 እንግሊዞች ሊሰቅሏቸው ሲሉ በእስር ቤት ቦምብ አቅፈው አብረው ስለሞቱ ሁለት ወጣቶች ተናገረ፤ አንዱ የአውሮፓ ወገን፣ ሌላው ኢራቃዊ። «አሽከናዚ? ኢራቃዊ? አይሁድ! ወንድማማቾች! ተዋጊዎች!» አለ። አሮጊቷ ይህን በቃላቸው ይሉታል፤ ሁልጊዜም እዚያ ላይ ድምፃቸው ይሰበራል። እኔ ደግሞ «ወንድማማቾች» ሲባል የእኛ ቆዳ ታስቦ ነበር ወይ እያልኩ ሳህን አጥባለሁ።

ታስቦ እንደነበር ማስረጃው እኔ ነኝ መሰለኝ። ሥልጣን እንደያዘ የስለላውን ድርጅት የሞሳድን ኃላፊ ጠርቶ «የኢትዮጵያን አይሁዶች አምጡልኝ» አለው ይባላል። ያኔ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ላይ ነበር፤ ከእስራኤል ያመጡትን መሣሪያ አራግፈው የሚመለሱ አውሮፕላኖች 120 የሚሆኑ ወገኖቻችንን ይዘው ወጡ። በየካቲት 1978 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዳያን የመሣሪያውን ነገር ለጋዜጠኞች አወጣና መንግሥቱ በሩን ዘጋ። የሱዳኑ መንገድ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እናትዎን ሱዳን ባለው የስደተኞች ካምፕ፣ ኡም ራኩባ የቀበርናት በዚያ መንገድ ነው፤ ይህን ለእርስዎ አልተርክም።

ሰላም ያወረደውም እሱ ነው። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሳዳት ኢየሩሳሌም መጣ፣ በ1978 አሜሪካ ካምፕ ዴቪድ 13 ቀን ተከራከሩ፣ ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። አንድ ስንዝር አልሰጥም የሚለው ሰው ሲናን ለግብፅ መለሰ፤ እዚያ የነበረችውን ያሚት የተባለች ከተማ የእስራኤል ወታደሮች ራሳቸው አፈረሷት። ዌስት ባንክ ላይ ግን ሰፈራውን አስፋፋው፤ ፍልስጥኤማውያን ዛሬም የሚከሱት በዚህ ነው።

የጣለው ሊባኖስ ነው። በሰኔ 1982 የእስራኤል ጦር እዚያ ገብቶ የጀመረው ጦርነት አላልቅ አለ፤ በመስከረም የሊባኖስ ሚሊሻዎች ሳብራና ሻቲላ ካምፕ ገብተው ፍልስጥኤማውያንን ጨፈጨፉ፤ የእስራኤል ጦር ዙሪያውን ይዞ ነበር። ሰልፈኞች ቤቱ ደጃፍ ላይ የሞቱትን ወታደሮች ቁጥር ጽፈው ቆሙ። በኅዳር እሱ አሜሪካ ሳለ ሚስቱ አሊዛ ሞተች። በነሐሴ 1983 ለሚኒስትሮቹ ከእንግዲህ አልችልም አላቸው፤ ቤቱም ገባ። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት የቀረበው ከስንት አንዴ ነው። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ በታኅሣሥ 1984 ከአውሮፕላን ስወርድ፣ አምጡልኝ ያለው ሰው እዚሁ አገር በሩን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር።

በመጋቢት 1992 ሞተ። ከመሪዎቹ መቃብር ይልቅ ደብረ ዘይት ተራራ ላይ፣ ከሚስቱና ከእነዚያ ሁለት ወጣቶች አጠገብ መቀበር ፈልጎ እንዲያው ሆነ። ባለፈው ወር አሮጊቷን በተሽከርካሪ ወንበራቸው ወሰድኳቸው። ድንጋዩ ተራ ነው። እዚህ መቃብር የጎበኘ ሰው አበባ ሳይሆን ጠጠር ያኖራል፤ ደረጃው ወንበሩን አላሳልፍ ስላለ የእሳቸውን ጠጠር ተቀብዬ ብቻዬን ወረድኩ።

ስመለስ «ሁለት ስታኖሪ አየሁ፤ ሁለተኛው የማነው?» አሉኝ።

«የአጎቴ ነው» አልኳቸው።

እትዬን ሳሙልኝ። የጉልበቷን ቅባት ለሥግድ በዓል ከሚመጣ መንገደኛ ጋር እልካለሁ።

የእህትዎ ልጅ
ኢየሩሳሌም