ሳንሰናበታችሁ ስለወጣን፦ የምስጋና መልእክት

ወንድሜ ደህና ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ቅዳሜ ዕለት ከግብርና ኤግዚቢሽኑ በአምቡላንስ ሲወጣ ያያችሁ ሁሉ «ያ ልጅ ምን ሆኖ ይሆን?» እያላችሁ እንደሆነ ስለገመትኩ ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይቀልዳል። ቀልዱ እንዲያውም ብሶበታል።

ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ንብ እርባታው ድንኳን ደጃፍ ላይ አንዲት ንብ አንገቱን ነደፈችው። ብዙም ሳይቆይ ገላው በሽፍታ ተሞላ፣ ከንፈሩ አበጠ፣ ድምፁ ተለወጠ። «ጉሮሮዬን ያዘኝ» አለ። ልጅ ሳለ ተነድፎ ያውቃል፤ ትንሽ ያብጥና ይጠፋል፣ በቃ። ለካ አለርጂ እንዲህም ይመጣል። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ሰውነት መርዙን ባለፈው ጊዜ ለይቶት ይቆይና በሌላ ቀን ሲያገኘው ከልክ በላይ ይቆጣል።

በዚያ ግርግር ደህና ዋሉ እንኳን ሳንል ወጣን። የማንንም ስም አልያዝኩም። በሥራችሁ ልጥራችሁ፣ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ጋሼ ንብ አርቢው፣ ከእርስዎ ልጀምር። ወንድሜ «ኧረ ምንም አይደል» እያለ አንገቱን ሲያሽ፣ እርስዎ መንቀያ ምናምን ፍለጋ አልሄዱም። በጥፍርዎ ጫር አድርገው መንደፊያውን አወጡት። ወዲያው ክንዱን ይዘው ከቀፎዎቹ አራቁት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቀደም ብለው መስታወቱ ቀፎ አጠገብ የነገሩን ትዝ ሲለኝ ነው። የማር ንብ መንደፊያ ጥርስ አለው። ከነመርዝ ከረጢቱ ቆዳ ውስጥ ይቀራል፤ ንቧ ከሄደች በኋላም መርዙን መግፋት አያቆምም። የሚወጣው ሽታ ደግሞ ሌሎቹን «ጠላት እዚህ ነው» ብሎ ይጠራል። ቀፎ ሲከፈት ጭስ የሚጨሰውም አንዱ ምክንያት ይህን ሽታ ለመሸፈን ነው።

ስለ ንቦች ጭፈራ የነገሩንንም አልረሳነውም። አበባ ያገኘች ንብ አቅጣጫውንና ርቀቱን ለጓደኞቿ በጭፈራ ትናገራለች፤ ይህን የፈታው ካርል ቮን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሞበታል። እናቴ ሰው ባገኘች ቁጥር የምታወራው ስለ ልጇ መነደፍ ሳይሆን ስለዚህ ጭፈራ ነው። ወንድሜ ትንሽ ከፍቶታል።

ሰዉ ሲሰበሰብ አንዱ ውሃ አጠጡት፣ ሌላው ማር ቀቡት ይል ነበር። አንዱማ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ለእሱ ምስጋና የለኝም። እርስዎ ግን ባዶ ቀፎ ጎትተው እግሩን ከፍ አድርገው አስተኙት። ትንፋሹ ሲያጥር ደግሞ ደገፍ አድርገው አስቀመጡት። ተነስቼ ልራመድ ሲል «መቀመጥ ትችላለህ፣ መቆም ግን የለም!» ብለው ተቆጡት። ያ ቁጣ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ኋላ ነው የሰማነው። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ቢቆም የደም ግፊቱ ወርዶ እዚያው ሊወድቅ ይችላል።

ሲስተር፣ አንቺ ስልሽ እንዳትቀየሚኝ። ወንድሜ «እህቴ» ብሎ ነው የሚጠራሽ። ሮጠሽ መጣሽ፣ ሁለት ጥያቄ ጠየቅሽ፣ ሱሪውን እንኳን ሳታስወልቂ አድሬናሊኑን ጭኑ ላይ በውጭ በኩል ወጋሽው። አንድ ደግ ሰው ከቦርሳቸው የአለርጂ ኪኒን ቢያወጡ «እሱ ማሳከኩን ነው የሚያስታግሰው፣ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም» አልሻቸው። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተሽ የወጋሽበትን ሰዓት በመዳፉ ጀርባ ጻፍሽ። አምስት ደቂቃ ጠብቀሽ፣ ለውጥ ስታጪበት ደገምሽው፤ ከሥሩ ሁለተኛውን ሰዓት ጻፍሽ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ ያነበበው እጁን ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት ስሜን ብጠየቅ አልመልስም ነበር። ወንድሜ ያቺን እጅ ለማጠብ ብዙ አመነታ።

ማይክሮፎን ይዘው ለነበሩት አስተዋዋቂ ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። ቢፈልጉ ኖሮ «ሰው ተነድፎ ሊሞት ነው» ብለው ግቢውን ሁሉ እኛ ላይ ማፍሰስ ይችሉ ነበር። እርስዎ ግን ረጋ ብለው «በማለቢያው ጎን ያለው መንገድ ለአንድ መኪና ይለቀቅ» አሉ፣ አለቀ። ያን ጊዜ ኮርማዎቹ ለሰልፍ ወጥተው መንገዱን ሞልተውት ነበር። ባለ ኮርማዎች፣ እናንተ ደግሞ የአፍንጫ ቀለበታቸውን ጨብጣችሁ አንድ በአንድ ወደ ዳር አወጣችኋቸው። ማንም አልጮኸም። የአምቡላንሱ ሹፌርም ነገሩ ስለገባው ከብቶቹን እስኪያልፍ ሳይረኑን አጥፍቶ ቀስ ብሎ ነዳ። እኔ ውስጥ ሆኜ «ፍጠን እንጂ» እያልኩ ነበር። ኮርማ ቢደነግጥ ግን ለአንድ ታማሚ የመጣው አምቡላንስ ስንቱን ጭኖ ይወጣ ነበር?

እናቴን አምቡላንስ ውስጥ የምናስገባበት ቦታ አልነበረም። ብቻዋን ቀረች። ከፍየሎቹ በረት ያሉት ወይዘሮ፣ ይህን ስጽፍ እንባዬ የሚመጣው እርስዎ ጋ ስደርስ ነው። «አይዞዎት፣ ይተርፋል» ብለው አላባበሏትም። ወተት የሞላ ጡጦ ሰጧትና እናቱ የሞተችበትን ግልገል «ያዙልኝ» አሏት። ቀጥለው ሥራ አስተማሯት። ጡጦው ከፍ ይበል፣ ግልገሉ አንገቱን ዘርግቶ ይጥባ። እንደዚያ ሲጠባ ጉሮሮው ሥር ያለው ቦይ ይዘጋና ወተቱ ትልቁን ጨጓራ አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ይወርዳል። በጨዋ ደንብ ካልጠባ ወተቱ ትልቁ ጨጓራ ገብቶ ይበላሽና ሆዱን ያመዋል። እናቴ ይህን ሁሉ በስልክ ነገረችኝ። እኔ «ልጅሽ ነቅቷል» ልላት ነበር የደወልኩት፤ እሷ «ቆይ፣ እየጨረሰ ነው» አለችኝ። ጭራው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ሳይቀር ተርካልኛለች። የደረቅ ሣር እስሩ ላይ አስቀምጠዋት፣ እስክንመለስ ከጎኗ አልተነሱም። ብድርዎን ለመመለስ ያብቃን።

ሐኪም ቤት አሳደሩት። ተሻለው ተብሎ ወዲያው ወደ ቤት አይሄድም፤ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። አሁን አድሬናሊኑን ኪሱ ይዞ ይሄዳል። ቀስ በቀስ መርዙን የሚያላምድ ሕክምናም አለ። በጣም ትንሽ የንብ መርዝ በመርፌ እየተሰጠ፣ መጠኑ እየጨመረ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘልቃል። ሊጀምረው ነው። ጋሼ፣ «ሲሻልህ ና፣ ማሩን ከቆራጮቹ ጋር ትቀምሳለህ» ያሉትን እንደ ውል ይዞታል። እኔ ከአጥር ውጭ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ለአዘጋጆቹም ምስጋናዬ ትልቅ ነው። አንዲት ነገር ግን ልጨምር። የመጀመሪያ እርዳታ ድንኳኑ ከትራክተሮቹ ጀርባ ተደብቆ ነበር። ቦታውን የሚያውቅ አንድ ጎረምሳ ባይሮጥልን ኖሮ እኔ አሁንም ማረሻ መሀል እዞር ነበር። ለከርሞ ከሩቅ የሚታይ ባንዲራ ይሰቀልበት።

የወተት ላሞቹ ዳኛ፣ እርስዎን ያየነው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ሆኖም ሳላመሰግንዎት አላልፍም። ትልቅ ግት ያላት ላም ስትሸነፍ ሰዉ አጉረመረመ። እርስዎ ማይክ ይዘው አስረዱን። ግቷ ከቋንጃዋ በታች ወርዷል፤ ስትራመድ ይመታል፣ ስትተኛ ይቆሽሻል፣ ይቆስላል፣ ለጡት በሽታ ይጋለጣል። ዛሬ ብዙ ብትታለብም ዕድሜዋ ያጥራል። ባለቤቷ እንኳን ራሱን ነቀነቀ። ሽልማት የሚሰጥ ሁሉ ምክንያቱን እንዲህ ቢናገር ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ የጃኬት ጉዳይ አለ። ወንድሜ ሲተኛ አንድ ሰው ቡናማ ጃኬት አውልቆ ራሱ ሥር አደረገለት። ማን እንደሆነ አላየሁም። ጃኬቱ አብሮን ሐኪም ቤት ሄዶ አብሮን ተመለሰ። ታጥቧል፣ ተተኩሷል። ሰኞ ለአዘጋጆቹ ቢሮ አስረክበዋለሁ። ኪሱ ውስጥ የተገኘውን ዕቃ ግን እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቱ ሲመጣ ምን እንደሆነ ራሱ ይናገር። በዚያው ስልክ ቁጥሩን ቢተውልን እናቴ ልታናግረው ትፈልጋለች።