ለአባባ፣ ስለዚያ የኔትወርክ ሥራ

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ልጆቹም ትምህርታቸው ላይ ናቸው። ስልክ ላይ «ገንዘቤን ለእኔ ተይው» ብለው ስለዘጉብኝ ነው በደብዳቤ የመጣሁት። እውነትዎን ነው፣ የባሕር ዛፉ ብር የእርስዎ ነው። ግን ሊያስገቡት ያሰቡት የክርስትና ልጅዎ ባመጣው የኔትወርክ ሥራ ላይ ነው፤ ዕቃ ገዝተው አባል ይሆናሉ፣ ከሥርዎ ሌላ ሰው ሲያስገቡ ቦነስ ይከፈልዎታል በሚባለው። ብቻ መነጽርዎን አድርገው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

የክርስትና ልጅዎ ሊያታልልዎ መጣ አልልም። ልጁ ከልቡ አምኖበታል። አዳራሽ ገብቶ፣ «እገሌ መኪና ገዛ» ሲባል አጨብጭቦ፣ የራሱንም ብር ከፍሎ ነው የመጣው። የሚያሳምነውም ለዚህ ነው።

ግን እርስዎ ቡሬ ላይ በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ነዎት። ከወምበርማ ያመጡትን በርበሬ የሚገዛዎት ሰው ወጥ ሊሠራበት ነበር። እሱም በተራው በርበሬ ነጋዴ ካልሆነ ብለው ያዘዙት ሰው የለም። እዚህ ግን ዕቃውን የሚገዛው ማን ነው? ለመግባት ሲል አባሉ ራሱ፣ ከገባም በኋላ ቦነሱ እንዳይቋረጥበት በየወሩ ያው አባል። በዚያ ዋጋ የጥርስ ሳሙና ከሱቅ የሚገዛ ሰው ቡሬ ውስጥ ካለ ይንገሩኝ።

እኔ ነገሩን የምመዝነው በዚህ ነው። የሚከፈልዎት ውጭ ላለ ደንበኛ ከተሸጠ ዕቃ ትርፍ ከሆነ፣ ቢያዋጣም ባያዋጣም ንግድ ነው። አዲስ የገባው ሰው ከከፈለው ላይ ከሆነ ግን ሌላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዲህ ያለውን፣ ገቢው አዲስ ሰው በማስገባት ላይ የቆመ ፒራሚዳዊ የሽያጭ ስልት ይከለክላል። «ፈቃድ አለን» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

«ሁለት ሰው ብቻ፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ» ብሎዎታል አሉ። እስቲ በወረቀት ይሞክሩት። ከአንዱ ሥር ሁለት፣ ከሁለቱ ሥር አራት፣ ከዚያ ስምንት እያሉ ይውረዱ። 10ኛው እርከን ላይ 1,024 ሰው ይደርሳል። ከነሱ በላይ ያሉት ሁሉ፣ ቁንጮው ጭምር፣ ቢደመሩ 1,023 ናቸው። ምንም ያህል ቢሰፋ ከግማሽ በላዩ ሁልጊዜ ከፍሎ የገባ፣ ከሥሩ ግን ማንም የሌለው ሰው ነው። ይህ እንግዲህ ሁሉም ሰው ሁለት ሁለት ሲያስገባ ነው፤ ግራው ሞልቶ ቀኙ ባዶ ሲቀር ደግሞ ቦነስ የሚታሰብበት የግራው ነጥብ ቀኙ እስኪሞላ ሳይከፈል ይጠብቃል። የአሜሪካው ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ስለ ሕጋዊዎቹ የኔትወርክ ሥራዎች እንኳ ሲናገር፣ አብዛኛው ሰው ጥቂት ወይም ምንም እንደማያገኝ፣ የሚከስርም እንዳለ ይላል።

ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እነዚያ ሰዎች እነማን ይሆናሉ? የዕድርዎ ሰዎች ናቸዋ! እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው። 30 ሺህ ብር ከማንም ይገኛል፤ እርስዎ ዘንድ የመጡት ለስምዎ ነው። እዚያ ሰፈር ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠራው እርስዎን ነው። የዕድሩ ብር በእጅዎ ሲያልፍ ጎደለ ተብሎ አያውቅም። እርስዎ «ግቡ» ካሉ ማንም ወረቀት አያነብም። ጠላ ሻጭዋ ጎረቤታችን የዕቁቧን ብር ይዛ ትመጣለች። ሳይሆን ሲቀር ኩባንያውን ፍለጋ አትሄድም፤ የእርስዎን በር ነው የምታንኳኳው። ደግሞ አውቅዎታለሁ፣ ከኪስዎ አውጥተው ይሰጧታል። ከዚያ ሌላው ይመጣል። እማዬም የሰንበቴ ዕለት ከማን ጋር ቁጭ እንደምትል ይጨንቃታል።

የግፊት መድኃኒትዎን ነገር ግን አልደራደርም። ከዕቃዎቹ አንዱ የሆነው ዱቄት ግፊት ያድናል የተባለውን እንደ ልጅ ብቻ ሳይሆን እንደ ፋርማሲስትም ነው የምቃወመው። ግፊትዎ የወረደው ኪኒኑን ስለሚውጡ ነው። ካቆሙት ተመልሶ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ምንም ሕመም ሳያሰማ። ስትሮክ የሚመጣውም እንዲህ ተዘናግተው ሳለ ነው። የነጋዴ ምላስ ሰምተው አንዲት ቀን እንኳ እንዳይዘሉ፣ በእማዬ ሞት።

ልጁን አይቆጡት። ምናልባትም ተበድሮ ገብቶ ይሆናል። ብቻ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ አባል ላልሆነ ሰው እስካሁን ምን ሸጥክ? ስልኩ ላይ የተቆለለውን ነጥብ ሳይሆን ባንክ የገባለትን ያሳይዎ። ከዚያ ላይ ለሥልጠናው፣ ለትራንስፖርቱና በየወሩ ለገዛው ዕቃ ያወጣውን ይቀንሱለት። ሒሳቡን እሱ ራሱ ጮክ ብሎ ይሥራው።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልኝ። ፈርመው ከሆነም ዕቃውን አይክፈቱት፤ መመለስ ይቻል እንደሆነ ውሉን አነባለሁ። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ብሩ ባንክ ይቆይ። ጊደር ልግዛበት ካሉ ግን እኔን አይጠብቁ።

እማዬን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ፣ ከባሕር ዳር